ቀስቱን ማን አየው?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ስፖርት ውድድር፣ ስለ ንባብ ልማድ፣ ስለ ምግብ ቤት ሰልፍም ሳይቀር ብዙ ተጽፏል። እኛ የባዮሎጂ ክፍል ዕጩ መምህራን ደግሞ በዚህ እትም ስለ አንድ ቀስት ልንጽፍ ተነሥተናል። የጦርና የጋሻ ዘመድ ስላልሆነው ቀስት ማለታችን ነው።

ቀስቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በባዮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ በሕዋስ ሥዕል ላይ ይገኛል። ፕሮቲን ከሚሠራበት ከሻካራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይነሣና ወደ ጎልጂ ያመራል፤ ከጎልጂ ወደ ማከማቻ ከረጢቶች፣ ከከረጢቶቹ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይወጣል። መምህር በጠመኔ ይስለዋል፣ ተማሪ ይሸመድደዋል፣ በፈተና ይመጣል፣ ይታረማል፣ ይረሳል።

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ነው እንግዲህ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሕዋስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው ሞቶ፣ ደርቆ፣ ተቆርጦ ነው ብላችሁናል። የሞተ ነገር ደግሞ ወዴትም አይሄድም። ታዲያ ይኼን ቀስት ማን አየው?» ያለው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ጓደኛችን፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዤልህ እመጣለሁ» አለና ትምህርቱን ቀጠለ።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ከእኛ ግማሾቹ «ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን አይጠይቅም። መምህር እያንዳንዱን መስመር ከየት መጣ እያለ ካስረዳ መቼ ምዕራፍ ይጨርሳል? ደግሞስ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ ራዲዮአክቲቭ ጨረር ማውራት ምን ይረባዋል?» አሉ። አነጋገራቸው የሚናቅ አልነበረም፤ ስልሳና ሰባ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይረዳቸዋል። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጁ የጠየቀው እኮ የሳይንስን ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉ አየው ብለን ልንመልስለት ነው እንዴ?» አልን። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ቀጠለ። በማግሥቱ ሁለቱም ወገን ቤተ መጻሕፍት ገባ። ያነበብነውን እነሆ።

መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ ቀስቱ በመጽሐፍ ላይ በተሣለበት ዘመን ቀስቱን ያየ ሰው አልነበረም። የታየው ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቡም ቢሆን ፕሮቲኑ በትክክል ያለበትን ቦታ አያሳይም፤ አካባቢውን ብቻ ይጠቁማል። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ «አካባቢው» ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለው ነው።

ነገሩ ከፎቶግራፍ ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1896 አንሪ ቤከሬል የተባሉት ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ የዩራኒየም ጨው አስቀምጠው ሰሌዳውን ሲያጥቡት ጠቁሮ አገኙት። ብርሃን አልነካውም፤ ያጠቆረው ከጨው የወጣ ጨረር ነበር። በ1924 ላካሳኝ የተባሉ ሌላ ፈረንሳዊ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ፖሎኒየም የተሰጣቸውን እንስሳት የአካል ክፍሎች ከፎቶግራፍ ሰሌዳ ጋር አጋጠሙና ፖሎኒየሙ የት የት እንደተከማቸ ሰሌዳው እንዲናገር አደረጉ። ዘዴው አውቶራዲዮግራፊ ይባላል። በአማርኛ «በገዛ ጨረሩ ራሱን የሚስል» ብንለው ያስኬዳል።

ለሕዋስ ሲውል ሥራው እንዲህ ነው። ለእንስሳው ፕሮቲን የሚሠራበትን አሚኖ አሲድ፣ ለምሳሌ ሉሲን፣ ይሰጡታል። በሉሲኑ ውስጥ ካሉት የሃይድሮጂን አቶሞች ግን አንዳንዶቹ በትሪቲየም፣ ማለትም በራዲዮአክቲቩ ሃይድሮጂን ተተክተዋል። ሕዋሱ ይህን አያውቅም፤ ተቀብሎ ፕሮቲን ይሠራበታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከአካሉ ትንሽ ተቆርሶ ሁሉም ነገር ባለበት እንዲቀር በኬሚካል ይያዛል፣ በፕላስቲክ ውስጥ ይቀበራል፣ በመስተዋት ወይም በአልማዝ ቢላ በስሱ ይቆረጣል። ከላዩ የሲልቨር ብሮማይድ ክሪስታሎችን የያዘ ጄላቲን፣ ኢመልሽን የሚሉት፣ በጨለማ ክፍል ይለበጥበታል። ከዚያ ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ተዘግቶ ቀዝቃዛ ቦታ ለሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜም ለወራት ይቀመጣል። አንድ የትሪቲየም አቶም በፈረሰ ቁጥር አንድ ኤሌክትሮን ይተኩሳል። ኤሌክትሮኑ ክሪስታል ከመታ፣ ያ ክሪስታል ሲታጠብ ወደ ጥቁር የብር ፍሬ ይለወጣል። በመጨረሻ ቁራጩ ከነፍሬዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ይገባል። ሕዋሱ ከሥር ጥቁሩ ፍሬ ከላይ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ሥዕል ላይ ይታያሉ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና አውቶራዲዮግራፊ ተጣምረው የሠሩበት የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው በ1956 ነው።

የሞተ ነገር አይሄድም ላለው ልጅ የሚሆነው መልስ ከዚህ ይወጣል። አንዱ ቁራጭ በ5 ደቂቃ፣ ሌላው በ20፣ ሌላው በ60 ደቂቃ ከተወሰደ፣ ሁሉም የሞቱ ቢሆኑም ሲደረደሩ ጉዞውን ይናገራሉ። የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ጠዋት ቤቱ ደጃፍ፣ ቀትር ላይ ገበያ፣ ማታ ጠላ ቤት ካያችሁ ሲራመድ ባታዩትም መንገዱን ታውቃላችሁ።

ችግሩ ግን ፎቶግራፉ ብዥ ያለ መሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ናኖሜትር የሚባለው የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። ለአእምሯችን እንዲመች እያንዳንዱን ናኖሜትር አንድ ሚሊሜትር አድርገን እናሳድገው። ያን ጊዜ የሕዋስ ሽፋን 8 ሚሊሜትር ገደማ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ይሆናል። ቁራጩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ይሆናል። ከላዩ የሚደረደሩት ክሪስታሎች፣ በብዛት ይሠራበት በነበረው ኢልፎርድ ኤል-4 በተባለው ኢመልሽን፣ እያንዳንዳቸው 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ትልልቅ ትርንጎ በሏቸው። ፕሮቲን የሚያመላልሱት ትናንሽ ከረጢቶች 5 ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ሎሚ ናቸው። ከትሪቲየም የሚወጣው ኤሌክትሮን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ይቆማል፣ ጉልበት ካለው ግን እስከ 6 ሜትር ይደርሳል።

እንግዲህ ፍራሹ ውስጥ የተቀበረ አንድ አቶም ይተኩሳል። አቅጣጫ አይመርጥም። ግማሹ ተኩስ ወደ ታች ሄዶ ይቀራል። ወደ ላይ የወጣውም ሰያፍ ከሄደ በአናቱ ላይ ያለውን ትርንጎ ትቶ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ይመታል። የተመታው ትርንጎ ደግሞ ጫፉን ይሁን መሐሉን እንደተመታ አይናገርም፤ ሲታጠብ የሚሆነው የተተበተበ ጥቁር ክር ነው፣ ክሩም አንዳንዴ ከትርንጎው ወሰን አልፎ ይዘረጋል። ማይክሮስኮፑ እርሳሷን አጥርቶ እያሳየን ነጥቡ «ባለቤቴ እዚህ አካባቢ ነው» ብቻ ይላል። ማይክሮስኮፑን አሥር እጥፍ ብናሻሽለው ለነጥቡ ምንም አይፈይድለትም። ብዥታው የመጣው ከተኩሱና ከክሪስታሉ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሻሻላል? ቁራጩን ማሳሳት፣ ክሪስታሉን ማሳነስ፣ ክሪስታሎቹን ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ በአንድ ረድፍ መደርደር፣ ጉልበቱ ደካማ የሆነ ኢሶቶፕ መምረጥ፣ አጠባው ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ፍሬ እንዲሰጥ ማድረግ። ሲወራ ቀላል ነው። ስለ ኢሶቶፑ ለምሳሌ ካርቦን-14ን ብንወስድ፣ የሚተኩሰው ኤሌክትሮን ከፍተኛ ጉልበቱ ከትሪቲየሙ ስምንት እጥፍ ይበልጣል፤ በእኛ መለኪያ እስከ 300 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ሦስት የኳስ ሜዳ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትሪቲየም ይመረጣል። ትሪቲየም ግን ቀርፋፋ ነው፤ ግማሹ የሚፈርሰው በ12.3 ዓመት ነው። እስቲ አስሉት። 1,000 የትሪቲየም አቶም ቢኖር በሁለት ወር ውስጥ የሚፈርሱት 9 ያህል ናቸው። ከ9ኙ ግማሹ ወደ ታች ይተኩሳል። ከተረፉት አራት ወይም አምስት ተኩሶች ውስጥም ሁሉም ክሪስታል አያጠቁሩም። ቁራጩን በግማሽ ካሳሳችሁ ነጥቡ ይጠራል፣ ነገር ግን ያላችሁ አቶም በግማሽ ይቀንሳል፣ ሁለት ወሩም አራት ወር ይሆናል። ኤን.ቲ.ኢ. የተባለው የኮዳክ ኢመልሽን ክሪስታሉ ከኤል-4 ሲሶ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ ስለማይጠቁር ከማጠቡ በፊት በወርቅ ውሁድ ይረዱት ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ጥራት በትዕግሥት ይገዛል ማለት ነው። ተማሪ ጥናቱን ለመጨረስ ሳጥኑ እስኪከፈት ስንት ወር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አስቡት።

በመሐሉ አንድ የወደድነው ነገር አለ። ይህን ሁሉ ስስ ነገር ውፍረቱን በምን ይለኩታል? በቀለም ነው። ዝናብ በጣለ ማግሥት ናፍጣ የፈሰሰበት ኩሬ ላይ የሚታየውን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ታውቃላችሁ። ቁራጩም ከቢላው ወጥቶ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ብርማ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር፣ ወርቃማ ከሆነ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ረድፍ የኤል-4 ክሪስታል ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ሉሲየን ካሮና ባልደረባቸው በ1962 ባወጡት ዘዴ ኢመልሽኑን የሚያነሡት በሽቦ ቀለበት ነበር፤ ልጆች የሳሙና አረፋ ሊነፉ ሽቦ እንደሚነክሩት ማለት ነው። ቀለበቱ ላይ የተወጠረው ስስ ሽፋን ትንሽ ሲረጋ ቁራጩ ላይ ያሳርፉታል። ይህን ያህል የረቀቀ ሥራ በዓይን፣ በቀለምና በሽቦ ቀለበት መሠራቱ፣ መሣሪያ የለንም ብለን ለምናማርር ለእኛ ደስ የሚል ወሬ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዥታን መቀነስ አንድ ሥራ ነው፤ ብዥታው ስንት እንደሆነ መለካት ሌላ ሥራ ነው። እኛን ያስደነቀን ሁለተኛው ነው። ሚርያም ሳልፒተር በ1929 በሪጋ የተወለዱ፣ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1960ዎቹ ባክማን ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ይህን ጉዳይ ይዘው ቆዩ። በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ላይ ሦስተኛው ደራሲ የሚርያም ባለቤት ኤድዊን ሳልፒተር ናቸው። ኤድዊን የታወቁት በከዋክብት ውስጥ ሂልየም እንዴት ካርቦን እንደሚሆን በማስላት ነው። የከዋክብት ፊዚክስ ሊቅ ስለ አንዲት የብር ፍሬ ለማስላት ከሚስታቸው ጋር ሲቀመጡ ይታያችሁ።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ለጊዜው ሕዋሱን ተዉት። በምትኩ ትሪቲየም ያለበት እጅግ ስስ የፖሊስቲሪን ገበታ በፕላስቲክ መሐል ቀብረው አቋርጠው ቆረጡት። ገበታው ሲቆረጥ በጠርዙ ብቻ ስለሚታይ ቀጭን ራዲዮአክቲቭ መስመር ሆነ። መስመሩ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ጨረሩ ከሌላ ቦታ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቁር ፍሬ ከእውነተኛ ምንጩ ስንት እንደራቀ መለካት ተቻለ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ የፍሬዎቹ ግማሽ የሚያርፉበትን ርቀት «ግማሽ ርቀት» አሉት። ለትሪቲየም በኤል-4 ኢመልሽን 150 ናኖሜትር ገደማ፣ በኤን.ቲ.ኢ. ከ80 እስከ 100 ናኖሜትር ሆነ። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ኢመልሽኑ ወይም የቁራጩ ውፍረት ቢለወጥም ርቀቱ በግማሽ ርቀት ሲመነዘር የፍሬዎቹ አወዳደቅ ቅርፅ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላው ተመራማሪ የራሱን ግማሽ ርቀት ካወቀ የእነሱን ኩርባ ተውሶ መሥራት ይችላል።

ይህን ለስምንተኛ ክፍል እንዴት እናድርሰው? አንዱ ጓደኛችን «ሽምብራ» አለ። እኛ ሳቅን፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። የክፍሉ ወለል ሊሾ ስለሆነ ሽምብራው እንዳይዘል ብርድ ልብስ አነጠፍን። (የማን ብርድ ልብስ እንደሆነ አንጽፍም።) መሐሉ ላይ ሲባጎ ዘረጋን። አንዲት ተማሪ በሲባጎው ላይ እየተራመደች 100 ሽምብራ አንድ በአንድ ከጉልበቷ ከፍታ ለቀቀች። ሌሎቹ ለሲባጎው የቀረቡትን 50 ቆጥረው የመጨረሻው ስንት እንደራቀ ለኩ፤ ከአንድ ስንዝር አነሰ። ቀጥላ ከትከሻዋ ለቀቀች፤ ግማሽ ርቀቱ ሰፋ። «ይኼ ወፍራም ቁራጭ ነው ማለት ነው!» ያለው ማንም ሳይነግረው አንድ ተማሪ ነው፤ ምንጩ ከኢመልሽኑ በራቀ ቁጥር ነጥቡ እንደሚበተን ገብቶታል።

ከዚያ ሁለት ሲባጎዎች ጎን ለጎን በአንድ ክንድ ርቀት ዘረጋን። ክፍሉ ፊቱን አዞረ፤ እኛ በአንዱ ሲባጎ ላይ ብቻ ለቀቅን። መጀመሪያ አንድ ሽምብራ ብቻ ትተን አሳየናቸው። በሁለቱ መሐል ነበረች፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተሟገተ። ቀጥሎ መቶውንም አሳየናቸው። ማንም አልተሟገተም። ያ ቀስቱን ማን አየው ያለው ልጅ ግን ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ «ሲባጎዎቹ በጣም ቢቀራረቡስ?» አለ። አቀራረብናቸው፤ በመሐላቸው ሁለት ጣት ብቻ ቀረ። መቶ ሽምብራ ለቀቅን። የትኛው ሲባጎ እንደሆነ ሊለይ የቻለ አልነበረም፣ እኛ ራሳችን እንኳ ባናውቅ ኖሮ አንለይም ነበር። የመለየት ኃይል የሚባለው ይህ ነው ብለን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ልጁም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በእውነተኛው ሥራም እንዲሁ ነው። ከ1969 ወዲህ ተመራማሪዎች አንድ ፍሬ ከአንድ የሕዋስ ክፍል በላይ ስላረፈ ብቻ «ፕሮቲኑ እዚህ ነው» ማለትን እየተዉ ሄዱ። ፍሬዎቹን በብዛት ቆጥረው፣ በዘፈቀደ ቢበተኑ ኖሮ ከሚሆነው ጋር ያመዛዝኑታል። በ1973 ብላኬትና ፓሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ ምናባዊ ምንጮችንና ምናባዊ ፍሬዎችን በሥዕሉ ላይ ነስንሶ ከእውነተኞቹ ጋር ማወዳደር ነበር። በሌላ አነጋገር የሽምብራውን ጨዋታ በወረቀት ላይ መጫወት ነው።

አሁን ቀስቱን እንደገና እንመልከተው። ቀስቱ በአመዛኙ የተሣለው በቆሽት ሕዋስ ላይ ነው፤ ቆሽት የምግብ መፍጫ ፕሮቲን አምርቶ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ስለሆነ። ካሮና ጆርጅ ፓላዴ በ1964 ባወጡት ጽሑፍ ለጊኒ ፒግ ትሪቲየም ያለበት ሉሲን በደም ሥር ሰጥተው በ5 ደቂቃ ገደማ ፍሬዎቹን በብዛት በሻካራው ሬቲኩለም ላይ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ጎልጂ ላይ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ማከማቻ ከረጢቶች ላይ አገኟቸው። በ1967 ጄምስ ጄሚሰንና ፓላዴ የቆሽት ቁራጮችን በሳህን ላይ በሕይወት አቆይተው ለ3 ደቂቃ ብቻ ራዲዮአክቲቩን ሉሲን ሰጧቸው፣ ከዚያም በተራው ሉሲን ተኩት። በሦስቱ ደቂቃ መጨረሻ ከ100 ፍሬ 86ቱ ሬቲኩለሙ ላይ ነበሩ። 7 ደቂቃ ቆይቶ 43ቱ የጎልጂ ዳርቻ ላይ፣ 37 ደቂቃ ቆይቶ ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ፕሮቲኑ በሚጠራቀምባቸው ከረጢቶች ላይ። ፓላዴ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ዴ ዱቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ የምናየው ቀስቱ በሁሉም ቦታ እኩል ጠንካራ እንዳልነበረ ነው። ማከማቻው ከረጢት በእኛ መለኪያ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ትልቅ ቁና ነው፤ ግማሽ ርቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አብዛኛው ፍሬ በቁናው ላይ ይወድቃል፣ ጥርጥር የለውም። በሬቲኩለሙና በጎልጂ መካከል የሚመላለሱት ሎሚ የሚያህሉት ከረጢቶች ግን ከብዥታው ያነሱ ናቸው። አንድ ፍሬ ሎሚው ላይ ወደቀ ተብሎ ሎሚው ተኩሷል አይባልም። ጄሚሰንና ፓላዴ ይህን ስለሚያውቁ በፍሬው ብቻ አልተማመኑም፤ ሕዋሱን ፈጭተው በሴንትሪፉጅ ትናንሾቹን ከረጢቶች ለይተው ራዲዮአክቲቭነታቸውን ለኩ። ሁለቱ መንገዶች ተስማሙ። እኛ ቀስቱን በሰሌዳ ስንስል በዚያ ቦታ ላይ ጠመኔውን ትንሽ ቀለል ብናደርገው አግባብ ይመስለናል፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው፣ የመጽሐፉ አይደለም።

የመለየት ኃይሉ መሻሻል ሌላም ቦታ ፍሬ አፍርቷል። ነርቭ ጡንቻን በሚያዝበት መገናኛ ላይ የጡንቻው ሽፋን ተጣጥፎ ይገኛል። የነርቩን መልእክት የሚቀበሉት ተቀባዮች በእጥፋቱ ሁሉ ናቸው ወይስ በአናቱ ብቻ? ፈርታክና ሚርያም ሳልፒተር በ1974ና በ1976 ባወጧቸው ሥራዎች ከእባብ መርዝ የተገኘ፣ ከተቀባዮቹ ጋር የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ላይ አዮዲን-125 አስረው ፍሬዎቹን ቆጠሩ። ተቀባዮቹ በእጥፋቱ አናት፣ ለነርቩ ጫፍ በሚቀርበው በኩል ታጭቀው ተገኙ፤ ወደ ጥልቁ ሲወረድ ቁጥራቸው በፍጥነት ይወርዳል። ግማሽ ርቀት ባይታወቅ ኖሮ ከአናቱ ተተኩሶ ወደ ጥልቁ የተረጨው ፍሬ የጥልቁ ነው ተብሎ በተቆጠረ ነበር።

ዛሬ ይህ ዘዴ በብዙ ቤተ ሙከራ ቦታውን ለሌሎች ለቋል። በ1971 የተጀመረው ፀረ እንግዳ አካልን ከወርቅ ቅንጣት ጋር አጣብቆ ፕሮቲንን የመጠቆም ዘዴ ወራት መጠበቅን አስቀርቷል፤ ወርቁም ከሚፈለገው ፕሮቲን ከ20 ናኖሜትር ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። በ1990ዎቹ ደግሞ ከባሕር ጄሊ ዓሣ የተገኘውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር በማያያዝ ከሬቲኩለሙ ወደ ጎልጂ የሚደረገው ጉዞ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ በቀጥታ ታየ። ቀስቱ ከተሣለ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው፤ አቅጣጫውም ያው ነበር።

ነገር ግን የወርቁ ቅንጣት ፕሮቲኑ ያለበትን ቦታ ሲናገር ዕድሜውን አይናገርም። አሁን የተሠራውንና ትናንት የተሠራውን በአንድነት ይጠቁማል። አዲሱን ከአሮጌው መለየት ሲያስፈልግ ሰዎች አሁንም ወደ ኢሶቶፕ ይመለሳሉ። ዛሬ ራዲዮአክቲቭ ያልሆነ ናይትሮጅን-15 ይመግቡና ቁራጩን በቀጭን የአዮን ጨረር እየፋቁ የሚወጣውን አቶም ይመዝናሉ፤ የጨረሩ ስፋት እስከ 50 ናኖሜትር ይወርዳል። በእኛ መለኪያ አንድ ሎሚ መሆኑ ነው።

የሽምብራውን ሙከራ በየትምህርት ቤታችሁ መሥራት የምትፈልጉ ዕጩ መምህራን ሲባጎውን ከእኛ መዋስ ትችላላችሁ። ብርድ ልብሱ ለባለቤቱ ተመልሷል። ሽምብራው ግን ተቆልቶ ስላለቀ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።